ደም ሥር ስቦት ይሆናል

 

አራስ ሊጠይቅ የገባ ሰው ገንፎው ሳይቀርብለት በፊት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ሕፃኑን ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ከዚያ «ማንን መሰለ?» ይላል። አንዷ «ቁርጥ አባቱን!» ስትል ሌላዋ «ኧረ ተይ፣ አፍንጫው የእናቱ ነው» ትላለች። አያትም ከጥግ ሆነው «ግንባሩማ የእኛ ወገን ነው» ብለው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ሕፃኑ ምንም ሳያውቅ ቤተሰቡ ሁሉ ፊቱ ላይ ራሱን ይፈልጋል።

ይህ ጨዋታ ግን መርዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በቅርብ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። ባልየው ቀይ ነው፤ ሚስትየውም ቀይ ዳማ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ እንደ ብዙ ሕፃናት ቀላ ብሎ ነበር። እውነተኛው የቆዳው ቀለም የታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ልጁ ጥቁር ሆነ። በዒድ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ አንዲት የሰፈር እናት ልጁን ታቅፈው «ውይ የኔ ጌታ! አንተስ ማንን ወጣህ?» አሉ። ክፋት አልነበራቸውም። ልጁን ስመው ለእናቱ መለሱላት። ነገር ግን ማንም አልሳቀም። እናትየው ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ባልየው የያዘውን ሲኒ ቁልቁል እያየ ቀረ።

ከሳምንታት በኋላ ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ ባልየው ክንዴን ያዘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዲኤንኤ ምርመራ የት እንደሚሠራ ታውቃለህ?» አለኝ። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የሚሆን መልስ አጣሁና «እስቲ ላጣራልህ» ብዬ ተለየሁት። ያን ሌሊት ሳገላብጥ ያደርኩትን ነገር ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀርቦላቸው ያውቃል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ታሪክ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ከበኒ ፈዛራ ጎሳ የሆነ አንድ ሰው መጣና ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ተናገረ። «ልጁ የእኔ አይደለም» ብሎ አላወጣውም፤ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሚስቱ አንድም ነገር አልጠየቁትም። ግመሎች አሉህ ወይ አሉት። አሉኝ አለ። ቀለማቸውን ጠየቁት። ቀዮች መሆናቸውን ነገራቸው። ከመካከላቸው አመድማ ግመል ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። አዎ፣ አለ። ታዲያ እሱ ከየት መጣ? ሰውየው ምናልባት ደም ሥር ስቦት ይሆናል ሲል መለሰ። ያን ጊዜ ነቢያችን የሰውየውን መልስ መልሰው ለራሱ ሰጡት። ይህንንም ልጅህን ደም ሥር ስቦት ሊሆን ይችላል አሉት።

በዐረብኛው «ዒርቅ» የተባለው ቃል ሥርም፣ ደም ሥርም፣ የዘር ሐረግም ማለት ይሆናል። ከሩቅ፣ ከማይታይበት ቦታ፣ አንድ የቀደመ አያት እጁን ዘርግቶ ልጁን ወደ ራሱ መልክ ይስበዋል እንደ ማለት ነው። እኛም «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። ቃሉ እንኳ አንድ ነው፤ ይስባል።

አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለ ሐዲስ ስናገኝ ወዲያው «ሳይንስን ቀድሞ!» ብለን ለክርክር እናውለዋለን። እኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ይመስለኛል። መልክ ትውልድ ዘልሎ እንደሚመለስ ሰውየው ራሱ ያውቅ ነበር፤ ግመል አርቢ ነውና። መልሱን የሰጠው እሱ ነው። የጎደለው እውቀት አልነበረም። ለግመሉ ያሰበላትን መልካም ግምት ለሚስቱ አለማሰቡ ነበር። በበረት ውስጥ ሲሆን «ደም ሥር ስቦት ነው» አለ፤ በቤቱ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉት በረት ውስጥ የነበረውን እውቀት ወደ ቤት እንዲያስገባው ነው።

ሌላም የምንዘነጋው ነገር አለ። በዚያ ንግግር ውስጥ ሴትየዋ የለችም። አልተጠራችም፣ አልተጠየቀችም፣ «እስቲ ራስሽን አስረጂ» አልተባለችም። እሷ ሳትኖር ክብሯ ተጠበቀላት። ልጁም ምንም ሳያውቅ ስሙ ተረፈለት።

የአመድማው ግመል ነገር በምን መንገድ እንደሚሆን ለመረዳት ግን የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ያስብ የነበረው የእናትና የአባት ባሕርይ ልጁ ውስጥ እንደ ቡናና ወተት ይቀላቀላል ብሎ ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ የጠፋ መልክ ተመልሶ አይመጣም ነበር። ከተቀላቀለ ማኪያቶ ውስጥ ወተቱን ለይቶ ማውጣት ማን ይችላል?

መልሱ የተገኘው በአተር ማሳ ላይ ነው። ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ ከተማ ውስጥ ይኖር የነበረ የካቶሊክ መነኩሴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 ድረስ በገዳሙ አትክልት ቦታ ወደ 28,000 የሚጠጉ የአተር ተክሎችን እያዳቀለ፣ ፍሬያቸውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ኖረ። ድቡልቡል አተር ከሚሰጥ ዘርና የተጨማደደ አተር ከሚሰጥ ዘር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ድቡልቡል ሆነ። የተጨማደደው ጨርሶ የጠፋ መሰለ። እነዚያኑ ድቡልቡሎች ዘርቶ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሲራቡ ግን የተጨማደደው ተመልሶ መጣ። 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደደ ቆጠረ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው።

ትርጉሙ ይህ ነው። ባሕርይ እንደ ወተት ቀልጦ አይቀላቀልም። እንደ ዕቃ ሙሉውን ሆኖ ይተላለፋል። እያንዳንዱ ፍጥረት ለአንድ ባሕርይ ሁለት ዕቃ ይይዛል፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዱ ጉልህ ሆኖ ሲታይ ሌላው ከሥሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አልጠፋም፣ አልደከመም፣ አልተበረዘም። ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። የራሱን አቻ ያገኘ ዕለት ብቅ ይላል። ሜንዴል ይህን በ1865 አቀረበ፣ በ1866 አሳተመ። ሰሚ ግን አላገኘም። በ1884 ሞተ። ዓለም ሥራውን ልብ ያለው በ1900 ነው።

ሳይንስ ያንን ዕቃ «ጂን» ይለዋል። እኛ ዘንድ ጂን ሲባል ሌላ ነገር ስለሚታወሰን፣ ከዚህ በኋላ ዘረመል ብለው ትፈቅዱልኛላችሁ። ዘረመሎቻችን ክሮሞሶም በሚባሉ ክሮች ላይ ተሰድረው ይገኛሉ። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞሶም አለው። ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚሄድ ደግሞ እንደ ዕጣ ነው። ከ23 ጥንድ አንዳንዱን እየመረጡ ለመስጠት ያለው መንገድ ቢቆጠር ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህ የአንድ ወላጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾች ለምን እንደማይመሳሰሉ አስቡት። ሱብሓነላህ!

የቆዳ ቀለም ከአተሩ ይልቅ ይወሳሰባል። አንድ ዘረመል ብቻ አይደለም የሚወስነው፤ ብዙዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። ስለዚህ መካከለኛ ቀለም ያላቸው ሁለት ሰዎች በውስጣቸው የሚያጠቁሩም የሚያቀሉም ዘረመሎች ተሰባጥረው ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ልጅ ከሁለቱም የሚያጠቁሩትን አብዝቶ ቢወስድ ከሁለቱም ወላጆቹ ይጠቁራል። ሌላው የሚያቀሉትን ቢወስድ ከሁለቱም ይቀላል። እናትና አባት አንድ፣ ቤት አንድ፣ ልጆቹ ግን ከቀይ እስከ ጥቁር። በአገራችን ይህን ያላየ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ይህ ሁሉ ዓይናችን ሥር እያለ፣ አንድ ልጅ ጠቆር ሲል ደርሰን ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የሆነ ሌላ ታሪክ ደግሞ እኛን ሐበሾችን በቀጥታ ይነካናል። ኡሙ አይመን በረካን (ረ.ዐ) ታውቋቸዋላችሁ። ነቢያችን እናታቸውን ካጡ በኋላ የተንከባከቧቸው ሐበሻዊት ናቸው። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳን (ረ.ዐ) አግብተው ኡሳማን ወለዱ። ዘይድ ነጭ ነበሩ፤ ኡሳማ ግን በጣም ጥቁር። በዚህ ልዩነት የተነሳ ሰዎች በኡሳማ ዘር ላይ ያሙ ነበር። ነቢያችን የሚወዱት፣ የሚወዱት ሰው ልጅ የሆነው ልጅ መሆኑ እንኳ ከአፍ አላዳነውም።

አንድ ቀን አባትና ልጅ አንድ ልብስ ተከናንበው ተኝተዋል። ፊታቸው ተሸፍኗል፤ እግሮቻቸው ብቻ ወጥተዋል። ሙጀዚዝ አል-ሙድሊጂ የሚባል፣ መልክና ዱካ በማንበብ የታወቀ ሰው አልፎ አያቸው። ማን እንደሆኑ ፊታቸውን ሳያይ እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የመጡ ናቸው ብሎ መሰከረ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሰምተው ወደ እሳቸው ሲገቡ ፊታቸው በደስታ ያበራ ነበር። እሳቸው በኡሳማ ተጠራጥረው አልነበረም። ደስ ያላቸው የሐሜተኛው አፍ ስለተዘጋ ነው። አንድ የሐሜት ቃል ምን ያህል እንደሚያቆስል ከዚያ ደስታ ልክ መገመት ይቻላል።

ልብ በሉ፤ ሐሜተኛው ያየው ቀለሙን ነው፤ ሙጀዚዝ ያየው እግሩን ነው። ኡሳማ ቀለሙን ከእናቱ፣ እግሩን ከአባቱ ወስዷል። ሜንዴልም በአተሮቹ ላይ ያገኘው ሌላው ነገር ይኸው ነበር። ድቡልቡልና ቢጫ የሆነውን ከተጨማደደና አረንጓዴ ከሆነው ጋር አዳቅሎ በሁለተኛው ትውልድ 556 ፍሬ ሲቆጥር፣ 108ቱ ድቡልቡል ሆነው አረንጓዴ፣ 101ዱ የተጨማደዱ ሆነው ቢጫ ሆነው አገኛቸው። ሁለቱም ከመነሻ ወላጆቹ በአንዱም ላይ ያልነበሩ ጥምረቶች ናቸው። ብዙ ባሕርያት ተያይዘው አይሄዱም፤ እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይሄዳል። በቀለም ያልመሰለህ ልጅ በእግሩ፣ በሳቁ፣ በአካሄዱ አንተን ሊሆን ይችላል። ፈልጎ ለማግኘት ግን የሚወድ ዓይን ያስፈልጋል፤ የጥርጣሬ ዓይን የሚያየው የጎደለውን ብቻ ነው።

ይህን ባለማወቅ፣ ወይም እያወቅን ወደ ቤት ባለማስገባት፣ የምንበድላቸው ብዙ ናቸው። ሁለቱን ላንሳ።

አንደኛዋ ሴት ልጅ ብቻ የወለደች እናት ናት። «ወንድ አልሰጠችኝም» ተብላ የተፈታች፣ ወይም ጣውንት የመጣባት እህት የማያውቅ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ዱቄት ውስጥ የሚራቡ ጥንዚዛዎችን መርምራ ጾታን የሚወስነው ከወንዱ ዘር የሚመጣው ክሮሞሶም መሆኑን አሳየች። በሰውም እንዲሁ ነው። እናት ለልጇ ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ የተባለውን ነው። አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይሆናል። እናትየው ያልያዘችውን ከየት አምጥታ ትስጥ? አባትየውም ቢሆን መርጦ አይሰጥም። በሱረቱ ሹራ አላህ (ሱ.ወ) ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን እንደሚሰጥ፣ ለሚሻው ሁለቱንም እንደሚያቀናጅ፣ የሚሻውንም መካን እንደሚያደርግ ነግሮናል። ስጦታ ነው የተባለው። ስጦታን በሚስት ላይ ክስ ማድረግ ሰጪውን መክሰስ ነው።

ሁለተኛዋ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ የወለደች እናት ናት። ልጁ ቆዳው፣ ፀጉሩና ዓይኑ ቀለም አጥሮት ሲወለድ ገሚሱ እርግማን ይላል፣ ገሚሱ የጂን ሥራ ይላል፣ ገሚሱ «ከፈረንጅ ነው» ይላል። እውነቱ ግን በአብዛኛው ያ ዝም ብሎ የተቀመጠው ዕቃ ነው። እናትም አባትም እያንዳንዳቸው አንድ የተደበቀ ዘረመል ይዘዋል፤ ሁለቱም ምንም ምልክት የለባቸውም። ልጁ ከሁለቱም የተደበቀውን ሲወስድ ይታያል። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሰዎች እናትየውን ለማማት የሚጠቅሱት ልጅ፣ ከእናቱ እኩል የአባቱን ድርሻ የተሸከመ ነው። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ከፀሐይ የሚሸፍነው ሰፊ ባርኔጣ፣ የዓይን ሐኪምና ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ሐሜት አይደለም።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ብለናል። ግን የት ድረስ ነው የሚስበው? ይህን ካልጠየቅን ተረቱ ራሱ ወደ በደል ይወስደናል። ቀለም ይስባል፣ ቁመት ይስባል፣ አንዳንድ በሽታም ይስባል። ኃጢአት ግን አይስብም፤ ተቅዋም አይስብም። ኑሕ (ዐ.ሰ) ነቢይ ነበሩ፤ ልጃቸው መርከቧ ላይ አልወጣም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) የአላህ ወዳጅ ነበሩ፤ አባታቸው ጣዖት አምላኪ ነበር። ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ቁርኣን ደጋግሞ ነግሮናል። ሥራው ወደ ኋላ ያስቀረውን ሰው ዘሩ እንደማያስቀድመውም በሐዲስ ተነግሮናል።

ይህን ሰምተን እንኳ በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ዘሩ ቡዳ ነው» እያልን ከጋብቻ አርቀን ኖረናል። ማረሻችንን ቀጥቅጦ የሰጠን፣ ነጠላችንን የሸመነልን፣ ጀበናችንን የሠራችልን ሰው! ዐይን ሐቅ መሆኑን ሐዲስ ነግሮናል፤ በአንድ ሙያ ዘር ውስጥ ይወረሳል ግን አላለም። የሰው ክፋት የሚቀመጥበት ክሮሞሶም የለም። እኛ የፈጠርነውን ንቀት በዘር ስም ስንጠራው ነው የኖርነው። በሌላው ወገንም «እኛ የእንትና ዘር ነን» ብሎ መመካት ያው ስሕተት ነው። ሱረቱል ሑጁራት ጎሳና ነገድ የሆንነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግራን፣ የክብርን መለኪያ ሌላ ቦታ አስቀምጣዋለች። ኡሳማ ገና ወጣት ሳለ፣ ዑመርን የመሰሉ ታላላቅ ሶሐቦች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ ሆኖ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሾም፣ ያ በቀለሙ የታማው ልጅ ነው የተሾመው።

አሁን ወደዚያ ወንድሜ ጥያቄ ልመለስ። «ቀለም ማስረጃ አይሆንም ካልክ፣ ምርመራው ማስረጃ ነው፤ ታዲያ ለምን አልመረምርም? እውነቱን ማወቅ ምን ክፋት አለው?» ሊለኝ ይችል ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ክሕደት በዓለም ላይ የለም ብዬ ልዋሸው አልችልም። ምርመራውም ከሙጀዚዝ ዓይን እጅግ የሚበልጥ ዓይን ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ተሰብስበው መክረውበታል። የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2002 መካ ላይ ተሰብስቦ ይህን ምርመራ ለሚያስፈልግበት ቦታ ፈቅዷል፤ ለምሳሌ በሐኪም ቤት ልጆች ሲቀያየሩ፣ በአደጋ የሞቱ ሰዎች ማንነት ሲጠፋ፣ ዘሩ ባልታወቀ ልጅ ላይ ክርክር ሲነሳ። በሸሪዓ የጸናን ዘር ለማጣራት ወይም በሊዓን ፈንታ ልጅን ለመካድ ግን አልፈቀደም። በትዳር ውስጥ የተወለደ ልጅ የትዳሩ ልጅ ነው።

ለእኔ እንደገባኝ ነገሩ እውቀትን መፍራት አይደለም። ጥያቄው ራሱ፣ መልሱ ሳይመጣ፣ የሚያፈርሰው ነገር ስላለ ነው። ልጁን ይዘህ ወደ ምርመራ ስትሄድ ሚስትህን ከስሰሃል። ውጤቱ «የአንተ ነው» ቢል እንኳ ክሱን አይሰርዝም። አንድ ሰው ንጹሕ ሴትን ያለ አራት ምስክር ቢወነጅል ሰማንያ ግርፋት የተደነገገበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ቃሉ ከወጣ በኋላ የተናገረውን ሰው እንጂ ቃሉን መያዝ አይቻልም። ማስረጃ ሲኖር የማስረጃ መንገድ አለው። የልጅ ቀለም ግን ገና ማስረጃ አይደለም። አመድማ ግመል ነው።

ለወንድሜ ይህን ሁሉ አላልኩትም። በማግስቱ ፈልጌ አገኘሁትና የፈዛራውን ሰው ታሪክ ብቻ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «አላህ ይቅር ይበለኝ» ብሎ ሄደ።

ከወራት በኋላ እናቱ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከገጠር መጡ። ልጁን ተቀብለው ገና ፊቱን እንዳዩ እንባቸው ወረደ። «አባቴን! ያ ረቢ፣ አባቴን!» አሉ። አባታቸው ጥቁር፣ ግንባረ ሰፊ ሰው ነበሩ፤ ወንድሜ ሳይወለድ ስለሞቱ አይቷቸው አያውቅም። ፎቶም አልነበራቸውም። እኚያ ሰው በሴት ልጃቸው በኩል፣ በቀይ የልጅ ልጃቸው ውስጥ ተደብቀው አልፈው፣ በአራተኛው ትውልድ ላይ ብቅ አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሚስትየው ጓዳ ሆና ይህን ሰምታ ለባሏ የተናገረችውን እሱ ራሱ ነገረኝ። «አንድም ቀን አልጠየቅከኝም፤ እኔ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ እሰማህ ነበር። ልጄ የአንተ መሆኑን ለማመን እናትህ ከገጠር መምጣት ነበረባቸው?» አለችው። መልስ አልነበረውም። «አውፍ በይኝ» አላት። አውፍ አለችው፤ አብረው እየኖሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እሱ እንደሚለኝ፣ እንግዳ ልጁን ሲያቅፍ እሷ ዛሬም ቀና ብላ የሰውየውን አፍ ታያለች።

እኚያ የሰፈር እናት ደግሞ ምን እንዳደረጉ እስከ ዛሬ አያውቁም። ስድስት ወር የሞላውን ልጅ ስመው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ነው የሄዱት።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ጁሙዓ ይዘን የምንወጣው አንድ ነገር ይሁን። በሚቀጥለው ጊዜ አራስ ቤት ስንገባ፣ ሕፃኑን ገለጥ አድርገን ስናይ፣ ያልመሰለ ነገር ብናይ «ማሻአላህ፣ ባረከላሁ ፊኩም» ብለን እንሸፍነው። «ማንን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በእኛ እጅ የለም። እኛ የማናውቃቸው፣ ከተቀበሩ ብዙ ዘመን ያለፋቸው፣ ስማቸው የተረሳ ሰዎች በዚያ ፊት ላይ አሉ። አውቆ የሚሰድራቸው አንድ አላህ ብቻ ነው።

ያ አላህ፣ ምላሳችንን ከንጹሐን ክብር ጠብቅልን። ለእንስሶቻችን የምናስበውን መልካም ግምት ለትዳር አጋሮቻችን እንድናስብ አድርገን። ልጆቻችንን፣ የመሰሉንንም ያልመሰሉንንም፣ የዓይናችን ማረፊያ አድርግልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።